እስክሪብቶ የማይለቅ እጅ

ሰኞ፣ ጥር 6

ከዛሬ ጀምሮ በቀን አሥር ደቂቃ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በሐኪም። ለሌላው ሰው ሽሮፕ ይታዘዛል፣ ለእኔ ደብተር። "የፈለጉትን ይጻፉ፣ ማንም አያየውም" ተባልኩ። ማንም የማያየው ነገር ጽፌ አላውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት የክብር መዝገብ ቢሮ ተቀምጬ ሰው ሲወለድ፣ ሲጋባ፣ ሲሞት በእጄ ስመዘግብ ኖሬ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ የእጅ ጽሕፈት ልማር ክሊኒክ ገባሁ። የእጄን አገኘሁ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የአንድ ሙሽራ ስም ጽፌ ጨረስኩና እስክሪብቶውን ላስቀምጥ ስል ጣቶቼ አልፈታም አሉ። ደረቁ። ሙሽራው ደግ ሰው ነው፣ ተነስቶ አንድ በአንድ ፈታልኝ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት... ሙሽሪት ቆማ ታያለች። ገና ሳትፈርም ባሏ የሌላ ሴት እጅ ይዞ ሲያሻሽ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው የእጅ ባለሙያ ልጅ እግር ናት። ከሁለት ቃል አንዱ "ላላ ይበሉ" ነው፣ ስሟን እንደዚያው አድርጌዋለሁ። ወረቀት ሰጥታ አስጻፈችኝ። ከዚያ ከኋላዬ መጣችና እስክሪብቶውን ከላይ ይዛ ሳበችው። አልወጣም። ደግማ ሳበችው፣ እኔ ከነወንበሬ ተንቀሳቀስኩ እንጂ እስክሪብቶው ወይ ፍንክች።

"እንዲህ ጨብጠው የያዙት የት እንዳይሄድብዎት ነው?"

"አባቴ ይነጥቀኛል።"

ሳቀች።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ቀልድ መስሏት ነው። ቀልድ አይደለም።

አባዬ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። የእጅ ጽሕፈት የሚያስተምረውም ራሱ ነው፣ ለሌላ አስተማሪ አያምንም። ስንጽፍ ኮቴው በማይሰማ ጫማ ከኋላችን ይመጣና እስክሪብቷችንን ሳብ ያደርገዋል። የወጣበት ልጅ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይቆማል። "የያዘውን የሚለቅ እጅ ነገ ምን ሊይዝ ነው?" ይላል። ልጁ ነኝ ብዬ አልተረፍኩም። ትምህርት ቤት "መምህር" እና "እርስዎ"፣ ቤት "አባዬ" እና "አንተ"። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ወጣብኝ። ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከእጄ እስክሪብቶ ያስለቀቀ የለም። ከሙሽራው በቀር።

ካርቦንም ነበረ። ከሥር ሁለት ካርቦን ያደርግና "ሦስተኛው ወረቀት ላይ ካልተነበበ አልጻፍሽም" ይላል። ተጭኜ ተጭኜ... መዝገብ ቤት ስገባ ጽሕፈትሽ እንደ ማኅተም ነው ብለው አደነቁኝ። ማኅተም ሲመታ የሚውለው እጅ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም።

ላላ ይበሉ የምትለኝ እንግዲህ ተቃራኒውን ነው። እስክሪብቶው ሲሳብ መውጣት አለበት። ካልወጣ ወደቅሽ። አርባ ዓመት ያለፍኩትን ፈተና በአንድ ጠዋት ወደቅኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አባዬ አሁን እኔ ጋ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ። ሰው አይረሳም፤ የሚረሳው ጠዋት ያደረገውን ነው። መድኃኒቱን፣ ምድጃውን፣ የበሩን ቁልፍ። አምና የግፊት መድኃኒቱን ሁለት ቀን ዘሎ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወድቆ አገኘሁት። ታላቅ እህቴ ያን ቀን ቃል አስገባችኝ። "አንቺ ሥራ ትውያለሽ። እንደገና መድኃኒት ከዘለለ የአረጋውያን ማረፊያ ነው የሚገባው፤ አልቅሰሽ አታቆሚኝም።" ማረፊያውን ሄዳ አይታዋለች። አትክልት አለው አለች። አባዬ ዕድሜ ልኩን አትክልት አይቶ "ቆንጆ ነው" ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ያቆየን ብጣሽ ወረቀት ነው። ስምንት። ፍሪጁ ላይ፣ ምድጃው ላይ፣ በሩ ላይ። "አባዬ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነጩን ክኒን ዋጥ።" "አባዬ፣ ምድጃውን አጥፋ።" ሰው ይረሳል፣ የተጻፈ አይረሳም ባይ ነው። እንደ ሚኒስትር ደብዳቤ አንብቦ፣ ይፈጽምና ጥግ ላይ ምልክት ያደርጋል። ግን ቀኑ የዛሬ ካልሆነ አይቀበልም። "ቀን ያለፈበት መመሪያ ወረቀት ነው።" ስለዚህ በየጠዋቱ ስምንቱንም እንደ አዲስ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ቢሮ ሄጄ መዝገብ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ይኼን ደብተር። እጅሽን ለምን አመመሽ ይሉኛል።

ዓርብ፣ ጥር 10

የዛሬ ትምህርት፦ እግር መሬት ይንካ። ወረቀቱ ዘንበል ይበል። እስክሪብቶው የመሃል ጣት ላይ ይረፍ፣ ሁለቱ ጣቶች ደገፍ ብቻ ያድርጉት። በጣት ሳይሆን በክንድ ይጻፉ። እንዲያውም በትከሻ። በትከሻ! ትከሻዬ እስካሁን የቦርሳ ማንጠልጠያ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ እንደ ካሮት የወፈረ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ። ፊደሎቼ ሰክረው የሚገቡ ይመስላሉ፣ አንዱ ሌላውን ተደግፎ። አባዬ ቢያይ ክፍሉን በሙሉ ያቆማል።

ለጊዜው ለቢሮና ለደብተር አዲሱ እጅ፣ ለአባዬ ወረቀቶች የድሮው። እሱን ማስደንገጥ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

አልጽፍም። አንድ መስመር ብቻ። ዛሬም አመመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ሦስት ልደትና አንድ ጋብቻ በአዲሱ እጅ መዘገብኩ። አላመመኝም... ለማንም አልነገርኩም። ደግ ነገር ቶሎ ካወሩት ይሸሻል።

በትከሻ ነው የሚጻፈው ለካ። ይቺ ልጅ እግር እውነቷን ነው፣ በጣም ነው የሚያናድደው።

ሐሙስ፣ ጥር 23

አለቃዬ አስጠራኝ። ክቡር ማኅተም ነው የምንለው፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ስለሚመታ። አንድ ጊዜ የምሳ ናፕኪኑን መትቶታል። መዝገቡን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

"ይሄን ማነው የጻፈው?"

"እኔ።"

"አንቺ አይደለሽም። የአንቺን ጽሕፈት በጨለማ በጣቴ ዳብሼ አውቀዋለሁ።"

"እጄን ታክሜ ነው። አያያዝ ቀየርኩ።"

"ሰው ጽሕፈት ይቀይራል እንዴ? ፊት ቀየርኩ እንደማለት እኮ ነው።" አሰበ። "ማመልከቻ አስገቢ። ጽሕፈቴ ተቀይሯል፣ የኔ መሆኑ ይረጋገጥልኝ ብለሽ።"

"በየትኛው ጽሕፈት ልጻፈው?"

ይሄኛው አስጨነቀው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "በግራ የቀድሞው፣ በቀኝ የአሁኑ። ሦስት ምስክር ይፈርም። እኔ እመታበታለሁ።"

እሱማ ይመታበታል።

ሰኞ፣ ጥር 27

የፈሩት ይደርሳል።

ጠዋት አውራ ጣቴ አብጦ ተነሳ። የድሮውን አያያዝ ሞከርኩ፣ እንባዬ መጣ። አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው... እስቲ ዛሬ ብቻ አልኩና ስምንቱንም በአዲሱ እጅ ጽፌ ለጣጥፌ ወጣሁ።

ስመለስ ፍሪጁ ራቁቱን ነው። አባዬ ስምንቱንም ነቅሎ ፖስታ ውስጥ አድርጓል። ፖስታው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "ባልታወቀ ሰው የተጻፈ። ልጄ ስትመጣ ይታይ።"

"ቤታችን ሰው ገብቷል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን ወሰደ?"

"ምንም አልወሰደም። ጽፎ ነው የሄደ።"

"ምን ብሎ?"

"ክኒን ዋጥ ብሎ። እንግዲህ አስቢው፣ ሰው ቤት ገብቶ ክኒን ዋጥ የሚል ጤነኛ ነው? ያውም 'አባዬ' ይለኛል።"

ነጩ ክኒን ከነሳጥኑ ተቀምጧል። እዚያው አጠገቤ ቆሞ እንዲውጥ አደረግኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩት። በአዘኔታ አየኝ። "ሰው ልትሸፍኚ አትሞክሪ። የአንቺን ጽሕፈት እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።"

ለእህቴ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ጥር 29

በኮምፒውተር ጽፌ አተምኩለት። ፊደሉ የኔም የማንም አይደለም፣ አይጠረጥርም ብዬ። ብልጥ ነኝ።

አላነበበውም። "ማስታወቂያ ነው። ለሕዝብ የወጣ።"

ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮ ደወልኩ። "አባዬ፣ ክኒኑን ዋጥ።" "ማን ልበል?" "ልጅህ ነኛ።" "ልጄ ጽፋ ነው የምትሄደው፣ በስልክ አታዝም" ብሎ ዘጋው። ክቡር ማኅተምን ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ አስፈቅጄ በአውቶቡስ ቤት ሄድኩ፣ አስዋጥኩ፣ ተመለስኩ። ነገ ምኔን ይቆርጠኛል?

ዓርብ፣ የካቲት 1

ትናንት ጥርሴን ቆረጠኝ አልኩ። በሽታ አለቀብኝ። አርፍጄ አስውጬ ልሂድ ብል መዝገብ ቤቱ የሚከፈተው በዚያችው ሰዓት ነው፣ ቀደም ብዬ ላስውጥ ብል ከሰዓቷ በፊት አይውጥም፤ መመሪያ ነው።

ሌላ ዘዴ። የድሮውን ጽሕፈቴን በላላ እጅ አስመስዬ ጻፍኩት። ማዕዘኑን፣ ጅራቱን፣ ሁሉን። በዓይን ብታዩት ቁርጥ እኔ። አባዬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳው። ከዚያ ገለበጠና ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ለስላሳ ነው" አለ። "የኔ ልጅ ስትጽፍ ከጀርባውም ይነበባል። ጎበዝ አስመሳይ ነው፣ ግን አልተጫነም።"

የራሴን ጽሕፈት አስመስዬ ስጽፍ ተያዝኩ። ይሄንንስ በየትኛው መዝገብ ልመዝግበው?

ሰኞ፣ የካቲት 4

እጅ ሰጠሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ ስምንቱንም በድሮው አያያዝ፣ ተጭኜ። አባዬ በደስታ ዋጠ፣ ምልክት አደረገ። "ተመለስሽ" አለኝ። የት ሄጄ ነበር?

የካፖርቴን ቁልፍ መቆለፍ አልቻልኩም። አውቶቡስ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ቆለፈችልኝ።

ላላ ይበሉ እጄን አይታ "ላላ ይበሉ" አላለችም። እሷ ይሄን ሳትል ስትቀር መጥፎ ነው። "ምን ነካዎት? እየዳኑ እኮ ነበር።" ስምንት ወረቀት አልኳት። "በቀን ስምንት ወረቀት በዚህ አያያዝ ከቀጠሉ ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጣቱ ምን ያህል እንደሚመለስ ቃል አልገባልዎትም።"

እጄን ላድን ወይስ እሱን ቤቱ ላቆይ? ምርጫ ይሉታል ደግሞ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

እህቴ ድንገት መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የመድኃኒት ሳጥኑን ከፈተች። ከረቡዕ ጀምሮ እጄ እምቢ ሲል ወረቀቱን ቀንሼ ለመድኃኒቱ ብቻ ነበር በድሮው እጅ የምጽፈው፤ ትናንት እሱንም አቃተኝ። የትናንቱ ክኒን ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየናል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከሙሽራው ጀምሮ። ሳትስቅ ሰማችኝ። ድሮም የማትስቀው ነገር ሲያስፈራት ነው።

"እስከሚመጣው ቅዳሜ" አለች። "አንድ ክኒን ተርፎ ካገኘሁ እወስደዋለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። እኔም አባቴ ነው።"

አባዬ ከክፍሉ ወጥቶ "ማን ወዴት ሊሄድ ነው?" አለ። እህቴ የመድኃኒት ሳጥኑን ዘጋች። እሱ ደግሞ መልስ ሲያጣ ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ነው፣ ተራ በተራ አየን።

እሑድ፣ የካቲት 10

ይሄን በደንብ ልጽፈው።

ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። "አባዬ፣ ያ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ ላሳይህ" አልኩት። አልመለሰልኝም። ጀመርኩ። እግር መሬት፣ ወረቀት ዘንበል፣ ላላ። "አባዬ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነጩን ክኒን ዋጥ።"

ከወንበሩ ሲነሳ ሰማሁት። ከዚያ ምንም አይሰማም። ካልሲ ብቻ ነው ያደረገው... ከኋላዬ እየመጣ እንደሆነ በጀርባዬ አወቅኩ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ። ላላ በይ፣ ላላ በይ አልኩ ለራሴ። እጁ ከላይ መጣ። እስክሪብቶውን ያዘ። ሳበው።

ወጣ።

እንዲህ ቀላል ነገር ነው ለካ። ከቅቤ ውስጥ ቢላ እንደማውጣት።

"ለቀቅሽው" አለ።

"አዎ፣ መምህር።"

ከአፌ አመለጠኝ። ብሎም ቆሜያለሁ። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፣ እጆቼን አጣምሬ ከወንበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የአርባ ሰባት ዓመት ሴትዮ፣ በገዛ ቤቷ።

"ለምን ቆምሽ?"

"ወጣብኛ።"

"ማነው ቁሚ ያለሽ?"

"እርስዎ።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጄን ያዘ፣ ገለበጠው፣ እንደ ተማሪ ደብተር አገላብጦ አየው። የመሃል ጣቴ ላይ እስክሪብቶ ያጠጠረው ጉብታ አለ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የወረቀቱን ጀርባ እንደዳበሰው አድርጎ።

"ይሄን ማን አደረገው?"

መስኮት የሰበረ ልጅ ሲፈልግ የሚጠይቅበት ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ ሲጠየቅ ማንም መልሶ አያውቅም። ግን መልሱን ያገኘው መሰለኝ፣ ጣቴን ሳይለቅ ብዙ ቆየ።

"ያማል?"

"ያማል።"

እንዴት ያለ ነገር ነው... አርባ ዓመት ሙሉ አልጠየቀኝም ብዬ ስናደድ ኖሬ፣ እኔም ነግሬው አላውቅም።

"ተቀመጪ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። እስክሪብቶውን ራሱ እጄ ላይ አሳረፈው፣ ጣቶቼን ሳይጫን። "እንደፈለግሽ ያዢውና ጨርሺ፣ ልይሽ።" ስምንቱንም ጻፍኩ። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወረቀት ጠየቀና ክፍሉን ዘጋ።

አለቀስኩ። ይኸው ጻፍኩት፣ ማንም አያየውም ተብሏል።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ጠዋት ፍሪጁ ላይ ያገኘሁት፣ እንዳለ፦

"ለሚመለከተው ሁሉ። ከዚህ በታች ናሙናው የተያያዘው ላላ ያለ ጽሕፈት የልጄ ነው። ዓይኔ እያየ ጽፋዋለች። የቀድሞው ጽሕፈቷ እጇን ስለጎዳው ተሽሯል። ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚሰጥ ትእዛዝ ይፈጸም። ይህ ማረጋገጫ በሌላ እስካልተተካ ድረስ የጸና ነው።" ቀን። ፊርማ። የጡረታ ሳይሆን የዳይሬክተርነት ፊርማው።

እሱ ግን ረስቶታል። ልወጣ ስል ፍሪጁ ፊት ቆሞ በጥርጣሬ ያነበዋል።

"ማነው የጻፈው?" አለኝ።

"አንተ።"

ወረቀቱን አነሳና ጀርባውን ዳበሰው። ከጀርባውም ይነበባል። "ፊርማው የኔ ነው። የኔ ከሆነ እንግዲህ ትክክል ነው።" የክኒኑን ወረቀት ከናሙናው ጋር አስተያየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ክኒኑን ዋጠ። ጥግ ላይ ምልክት አደረገ።

አውቶቡሱ አመለጠኝ። ያምልጠኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

የቢሮውም ማረጋገጫ ተፈረመ። ሦስት ምስክር፣ ሁለት ማኅተም። አንዱ ተገልብጦ ነው የተመታው፣ ክቡር ማኅተም "ግድ የለም፣ ይቆጠራል" አለ። የአባዬን ነገርኩት። ሰማና "ናሙና አያይዟል?" አለኝ። አያይዟል ስለው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። "የድሮ ሰው።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

እህቴ መጣች። ሳጥኑን ከፈተች፣ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። የተረፈ የለም። ከዚያ የፍሪጁን ወረቀት አነበበች። "ጥፋቱ የአስተማሪው ነው" የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። እሷም እሱ ያስተማራት ናት። የራሷን የመሃል ጣት አሸት አሸት አደረገችና ወደ አባዬ ሄደች። ስለ ማረፊያው አላነሳችም፣ እኔም አላስታወስኳትም። አትክልቱ ይቆየው።

አሁን እሷ ምሳ ታሞቃለች፣ እኔ አሥር ደቂቃዬን እጽፋለሁ። የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጾች ጀርባ ዳበስኳቸው፣ እንደ አስፋልት ናቸው። ይሄኛው ለስላሳ ነው። ላላ ይበሉ በወር አንዴ ብቻ ይምጡ ብላኛለች፣ ካሮቴንም መልሻለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ አባዬ በካልሲው ከኋላዬ መጥቶ እስክሪብቶዬን ሳበው። ወጣ። አየው፣ መልሶ እጄ ላይ አሳረፈው።

"ተቀመጪ፣ ተቀመጪ" አለኝ።

አልተነሳሁም ነበር።